መስኮት የሌለው ሰሌዳ

እናቲቱ የስፌት ቤቱን ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ስትወርድ የመጨረሻ መሆኑን ማንም አላወቀም ነበር። እንደ ወትሮዋ ካውያው መነቀሉን በእጇ ዳብሳ አረጋገጠች፣ መብራቱን አጠፋች፣ በሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን ዞር ብላ አየችና ወጣች። በማግስቱ ጉልበቷ አብጦ አደረ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳትወጣ አላት። ስፌት ቤቱ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ ደረጃው ከመጥበቡና ከመጠምዘዙ የተነሳ ሰው በወንበር ተሸክሞ እንኳ አያወጣበትም።

እዚያ ቤት "ግድግዳው" ከተባለ ሁሉም የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያለው ነው፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ ቡሽ ተለጥፎበታል። ደንበኛ ልብስ ሲያዝ እናቲቱ ከጨርቁ ጫፍ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ቁራጭ ትቆርጥና በስፒል በሩ አጠገብ ትሰካታለች። ጨርቁ ሲቆረጥ ቁራጯ ወደ መስኮቱ ጠጋ ትላለች። ስፌት ላይ ሲወጣ ደግሞ ጠጋ፤ ልክ ሲታይ ጠጋ። ልብሱ ሲያልቅ ቁራጯ ቡሹ የሚያልቅበት፣ መስኮቱ ጥግ ትደርሳለች። ባለቤቱ መጥቶ ሲወስደው ትነቀላለች። ከበሩ የገባ ሰው አንድ ጊዜ ዓይኑን ወርወር ቢያደርግ ቤቱ ምን ያህል ሥራ እንዳለበት፣ የቱ እንደዘገየ፣ የቱ እንደቸኮለ ይገባዋል።

ልጇ ያደገችው እዚህ ግድግዳ ሥር ነው። ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት፤ ቢሮ ለብዙ ጊዜ ሠርታ ተመልሳ ስፌት ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ቀለም የለየችው ግን ከእነዚያ ቁራጮች ነው። ሰማያዊ ማለት ለእሷ የሰማይ ቀለም አልነበረም፤ የፖስተኛው ኮት ገበር ነበር። ቡናማ ማለት የዳኛው ሱሪ ነው። እናቷ ከንፈሯ መሃል ስፒል ደርድራ ስታወራ የምትለው ለቤቱ ሰው ሁሉ ይገባው ነበር፤ ደንበኞች ግን አስተርጓሚ ይፈልጉ ነበር፤ አስተርጓሚዋም እሷ ነበረች። "እጅዎን ከፍ ያድርጉ እያለች ነው።" "ሆድዎን አይሳቡ፣ ኋላ ይጠብዎታል እያለች ነው።" አንዳንዱ ወፍራም ሰው የመጨረሻውን ሲሰማ ይቀየማል፤ እናቷ ስፒሏን እንደነከሰች ትስቃለች።

እናቲቱ ቤት ከዋለች ወዲህ ስልኩ አላርፍ አለ።

"ጥቁሩ የት ደረሰ?"

"ስፌት ላይ ነው እማ።"

"ስፌት ላይ የት? እጅጌው ገብቷል አልገባም?"

"ቆይ ልጠይቅ።"

"ስትጠይቂ ደግሞ የዛችን የአረንጓዴዋን..."

ልጅቱ ማታ ማታ ግድግዳውን ፎቶ እያነሳች ትወስድላት ጀመር። እናቲቱ መነጽሯን አድርጋ ታያለች፣ ትመልስላታለች። "ይሄ እኮ የዋለ ወሬ ነው" ትላለች። "እስካሁን ሁሉም ቦታ ቀይሯል።"

አንድ እሑድ ልጅቱ ስትመጣ እናቷን የታጠፉ ፎጣዎችን ፈትታ እንደገና ስታጥፍ አገኘቻት። ቀና ሳትል፣ "እንግዲህ እኔ ምን ልባል?" አለች። "ሰፊ ነኝ እንዳልል አልሰፋ። ጡረተኛ ነኝ እንዳልል ማንም አላሰናበተኝ።"

ልጅቱ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ያንኑ ስታብላላ ሄደች።

ስፌት ቤቱ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ስልኩ ላይ የሥራ ዝርዝር የሚይዝ መተግበሪያ ነበረው። ያመጣችው ልጅቱ ናት። እያንዳንዱ ልብስ ሥራው ተዘርዝሮ ይገባል፦ መቁረጥ፣ መስፋት፣ ገበር፣ ቁልፍ። የጨረሰ ሰው በጣቱ ነክቶ ምልክት ያደርግበታል። ዋናው ቆራጭ መጀመሪያ ላይ ተቃውሞ ነበር። ይህ ሰው ከእናቲቱ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ስለማያወርድ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አንድ ጊዜ ማውለቁን ረስቶ ይዞት ስለሄደ፣ ስሙ ቀርቶ "ጋሽ ሜትር" ነው የሚባለው። "እኔ ጨርቁን ቆርጬ እያዩት፣ ለስልክ ደግሞ ቆርጫለሁ ብዬ ሪፖርት ላድርግ?" ብሎ ነበር። ኋላ ግን ለመደው፤ እንዲያውም ምልክት ሲያደርግ ስልኩ የሚያሰማትን ትንሽ ድምፅ ስለወደዳት አንዱን ሥራ ሦስት አድርጎ ይከፋፍል ጀመር።

ልጅቱ በቀድሞ ቢሮዋ ሌላ ነገር ትጠቀም ነበር፤ በኢንተርኔት የሚከፈት ነጭ ሰሌዳ። ዳር የለውም፤ ሰው በፈለገው ቦታ ካርድ ይለጥፍበታል፣ ይጎትተዋል፤ አንዱ የለጠፈውን ሌላው ከሩቅ ሆኖ ወዲያው ያየዋል። ግድግዳውን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አነሳችና ሰሌዳው ላይ መደብ አድርጋ አነጠፈችው። የፎቶው ቀኝ ጠርዝ የመስኮቱ ብርሃን ስላንጸባረቀበት ያንን ቆርጣ ጣለችው። ከዚያ እያንዳንዷን ቁራጭ ለብቻዋ አንስታ ካርድ አደረገቻት። በመጨረሻ ዝርዝሩንና ሰሌዳውን አገናኘቻቸው። የምትጽፈው ትእዛዝ ቀላል ነው፦ እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ። ጋሽ ሜትር ስልኩ ላይ "ተቆርጧል" ሲል፣ ካርዷ ሰሌዳው ላይ ራሷ ተነስታ ወደ ቀኝ ትሂድ። ካርዷን ሰው በእጁ ወደ ቀኝ ከጎተታት ደግሞ ዝርዝሩ ራሱን ያርም። ሥራዎቹን ለመለየት ካሰመረቻቸው መስመሮች የመጨረሻውን አልፋ በቀኝ በኩል ያረፈች ካርድ አልቃለች ማለት ነውና፣ ለባለቤቱ "ልብስዎ ደርሷል፤ መጥተው ይውሰዱ" የሚል መልእክት ይላክ።

ታብሌቱን ለእናቷ ያመጣችላት ዕለት አጠገቧ ተቀመጠች። እናቲቱ ሰሌዳውን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ግድግዳዬ ነው!"

"ግድግዳሽ ነው።"

እያዩት ሳለ ግራጫዋ ቁራጭ ከቦታዋ ተነስታ ወደ ጎን ተንሸራተተች።

"ውይ! ማን ነካት?"

"ማንም አልነካትም። ጋሽ ሜትር ቆርጦ ጨረሰ ማለት ነው።"

እናቲቱ ስልኳን አንስታ ደወለች። "አንተ! ግራጫውን ጨረስከው አይደል?"

"እትዬ፣ ከየት ሆነሽ ነው የምታዪኝ?"

"ተወው። ሸሚዝህን ግን ቆልፍ።"

ጋሽ ሜትር የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ እውነትም ተከፍቶ ነበር፤ ሁልጊዜም ክፍት ነው። ቢሆንም ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። የልብስ ጠርዝ የምትዘመዝመው ሠራተኛ ለብዙ ጊዜ ይህንን እያነሳች ስትስቅበት ኖረች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። እናቲቱ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ለሥራ እንደምትወጣ ለብሳ ታብሌቱ ፊት ትቀመጣለች። "ሁለቱ ቡናማዎች ተከታትለው ይሰፉ፣ ክር ከመቀየር ትድናላችሁ" ብላ ትደውላለች። ልክ ነበረች። አንዳንዴም ልክ አትሆንም፤ ጋሽ ሜትር "እሺ እትዬ" ይልና የራሱን ያደርጋል፤ እሷም የራሱን እንዳደረገ ሰሌዳው ላይ እያየች ዝም ትላለች። ድሮም እንዲሁ ነበር የሚኖሩት።

ነገር የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ስፌት ቤቱ ገና ከመከፈቱ አንዲት ሙሽራ ከአክስቷ ጋር ደረጃውን ወጣች። ከሌላ ከተማ ነው የመጡት፤ በአውቶቡስ።

"ቀሚሴን ልወስድ ነው" አለች ሙሽራዋ፤ ፊቷ ላይ እንቅልፍ የለም፣ ደስታ ብቻ ነው።

ልጅቱ ጋሽ ሜትርን አየችው። ጋሽ ሜትር ጠረጴዛውን አየ። የሙሽራዋ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በሳሙና መስመር እንደተሰመረበት፣ ፊትና ኋላው ለየብቻ፣ እጅጌዎቹ ገና ጨርቅ።

"ማን ደርሷል አላችሁ?" አለ ጋሽ ሜትር።

አክስቲቱ ስልኩን አውጥታ አፍንጫው ሥር አደረገችለት። "እናንተ ናችኋ! 'ልብስዎ ደርሷል፤ መጥተው ይውሰዱ።' ይኸው። ማንበብ ነው የቸገረህ ወይስ መስፋት?"

ሙሽራዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ለየችው። ጨርቁ የራሷ ነው፤ ራሷ መርጣዋለች። እጇን ዘርግታ አንዱን እጅጌ ነካችውና ዓይኗ እንባ ሞላ። "ቀደዳችሁት" አለች።

"አይ የኔ ልጅ፣ አልቀደድነውም፣ ቆረጥነው እንጂ..." ጋሽ ሜትር ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ ከዚያ በፊት ያንን ሲያደርግ ያየው ሰው የለም። "በይ ነይ፣ መጥተሻል መቼስ፣ ልክሽን እንደገና ልይልሽ። ከስተሻል።"

"አልከሳሁም" አለች እያለቀሰች።

"ከስታለች" አለች አክስቲቱ፤ ንዴቷ ግን አልበረደላትም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ "ደግመው እንዲህ ያለ መልእክት ከላኩልን ጨርቃችንን እንደተቆረጠ ይዘን ነው የምንሄደው" አለች። እነሱ ደረጃውን ሲወርዱ ሌላ ደንበኛ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ያው መልእክት ደርሶት ያላለቀ ጃኬቱን ሊወስድ እየወጣ ነበር።

ልጅቱ ሰሌዳውን ከፈተች። የሙሽራዋ ነጭ ቁራጭና የጥርስ ሐኪሙ ጥቁር ሰማያዊ ከመስመሩ አልፈው በቀኝ ጠርዝ፣ ፎቶው በሚያልቅበት ባዶ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንዳኖራቸው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ደወለች።

"እማ፣ ነጯን ወደ ቀኝ የወሰድሻት አንቺ ነሽ?"

"አዎ። ትናንት አመሻሽ ላይ።"

"ለምን?"

"ገበሩ ከላዩ ጋር ይስማማ አይስማማ ልቤ አላረፈም። መስኮት ጋ ላያት ነው።"

"የምን መስኮት? ፎቶ እኮ ነው እማ! ብርሃን አይገባበትም!"

"አውቃለሁ" አለች እናቲቱ። "እጄ ነው የወሰዳት።"

ልጅቱ የሙሽራዋን ለቅሶ አልነገረቻትም። ስልኩን ስትዘጋ ጋሽ ሜትር ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

"እትዬን የምወዳት ከማንም በላይ ነው" አለ። "ግን እንዲህ አይሆንም። የዛሬዋ አክስት አፏ ሰፊ ነው፤ አገር ታዳርሳለች። ማየቱንስ ትይልን፤ ግን እንዳትነካ አድርጊ።"

ልጅቱ አደረገችው። ሰሌዳው ውስጥ ስለ እናቷ ከተጻፈው ላይ "ታርማለች" የሚለውን አንስታ "ታያለች" የሚለውን መረጠች። የአንዲት ጣት ሥራ ነው። ለእናቷ እነግራታለሁ ብላ አሰበች፤ ያን ቀን ግን ሥራ በዛ፤ በማግስቱም በዛ።

በሳምንቱ ልትጠይቃት ስትሄድ ታብሌቱ መስኮቱ ደፍ ላይ በጀርባው ተኝቶ አገኘችው። እናቷ ፀጉሯን አላሰረችም።

"አትከፍቺውም እንዴ?"

"ደክሞታል መሰለኝ" አለች እናቲቱ። "ስነካው አይሰማኝም። ደግሞ እንዳላበላሸው ፈርቼ ተውኩት።" ቀጠል አድርጋ፣ "አይዞሽ፣ ሠርቷል፤ ብዙ ሠርቷል" አለች፤ ስለ አንድ ያረጀ ሰው እንደምታወራ ዓይነት።

ልጅቱ ምንም እንዳላወቀች ታብሌቱን ቀና አድርጋ አቆመችው። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ሳትበላ ወጣች።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ እሷ ቀረች። የስፌት መኪኖቹ ዝም ሲሉ ክፍሉ ልጅ ሳለች የምታውቀው ክፍል ሆነ፤ የካውያ እንፋሎትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ከታች ከመንገዱ የሚመጣ ጫጫታ፣ ወለሉ ላይ በአራት ማዕዘን የተነጠፈ ፀሐይ። እዚያች ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ቁልፍ በቀለም በቀለሙ ትለይ ነበር። እናቷ በላይዋ ተራምዳ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፤ በሁለት ጣቷ ቁራጭ ጨርቅ ይዛ ትቆማለች። ለረጅም ጊዜ ትቆማለች። ከዚያ ሌላ ሥራ ሲጠራት ቁራጯን ወደ ቡሹ አትመልሳትም፤ እዚያው የመስኮቱ እንጨት ላይ ትሰካትና ትሄዳለች። ልቧ ያላረፈበት ሁሉ እዚያ ነበር የሚሰነብተው።

ልጅቱ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ቡሹ በስፒል ተበሳስቷል፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል። የመስኮቱን እንጨት ግን ከቅርብ አይታው አታውቅም። ጠንካራ እንጨት ነው፣ ስፒል ለመሰካት ጉልበት ይፈልጋል፤ ቢሆንም ከላይ እስከ ታች፣ የእናቷ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ፣ እንደ ወንፊት ተነድሏል። ከቡሹ ይልቅ የተበሳው እሱ ነው። ጣቷን አስኬደችበት። ግድግዳውን ወደ ሰሌዳ ስታዛውር ያንጸባርቃል ብላ ቆርጣ የጣለችው ይህንን ነበር።

ስልኳን አውጥታ መስኮቱን ፎቶ አነሳችው። ብርሃኑ እንዳለ፣ ማንጸባረቁም እንዳለ።

ወደ እናቷ ስትሄድ አመሻሽ ሆኖ ነበር። ሳትቀመጥ ተናገረች።

"እማ፣ ታብሌቱ አልደከመም። እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ።"

እናቲቱ ቀና ብላ አየቻት።

"የሙሽራዋን ካርድ ስታነሺያት፣ አልቋል፣ መጥተው ይውሰዱ የሚል መልእክት ሄደ። ሙሽራዋ ከአገሯ ድረስ መጣች፤ ቀሚሱ ተቆርጦ ስታየው አለቀሰች።"

"አለቀሰች?"

"አለቀሰች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ እንዲህ ያሠራሁት። ግን ልነግርሽ አቃተኝና ዘጋሁብሽ።"

እናቲቱ በእጇ የያዘችውን ፎጣ አጠፈች፣ መልሳ ፈታችው። "እኔም ብሆን እዘጋ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ሙሽራ አስለቅሶ!" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ግን ብትነግሪኝ ኖሮ ምን ነበረበት? እኔ እኮ እጄ የሞተ መስሎኝ ነበር።"

ልጅቱ ያኔ ተቀመጠች። እናቷ ፎጣውን ትታ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ትንሽ ሆና ቁልፍ ስትውጥ እንደምታደርጋት። "በይ በቃ። ክፈችልኝ።"

ልጅቱ ታብሌቱን ከፈተች። ሰሌዳው ላይ፣ ግድግዳው በሚያልቅበት፣ መስኮቱ ቆሞ ነበር፤ እንጨቱና ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ።

"እዚህ ያኖርሻት ካርድ አላለቀችም" አለች። "ለደንበኛ አንድም ነገር አይላክም። ከዚያ ይልቅ ጋሽ ሜትር ዝርዝር ላይ አንድ ሥራ ይገባል።"

"ምን የሚል?"

"አኑሪና እዪዋ።"

እናቲቱ ጣቷን ልብሷ ላይ ጠረገች። ነጯን ቁራጭ ይዛ በቀስታ እየጎተተች ወሰደቻትና መስኮቱ እንጨት ላይ፣ ከቀዳዳዎቹ መሃል አስቀመጠቻት። ካርዷ እዚያው ቀረች፤ ወደ ኋላ አልተመለሰችም።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ሜትር ነው፤ ስፌት ቤቱን ሊዘጋ ሲል ነበር።

"እትዬ፣ ስልኬ ደግሞ ምን ይለኛል? 'የሙሽራዋን ነጭ ከነገበሩ መስኮት ጋ ይዘህ እይ' ይላል። ማን ነው እንዲህ የሚያዘኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ ከሆንሽማ" አለ። የእግሩ ኮቴ ተሰማ፤ ወለሉ መስኮቱ አጠገብ የሚሲጥ ጣውላ አለው፤ እሱም ሲጥ ሲል ተሰማ።

"ይዤዋለሁ።"

"ፀሐዩ አለ?"

"ሊጠልቅ ነው፤ ትንሽ አለ። ደርሶበታል።"

"ምን ይመስላል?"

እናቲቱ ዓይኗን ጨፍና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ ልጅቱ የእናቷ ሁለት ጣቶች አየሩ ላይ ጨርቅ እንደያዘ ሰው ገጥመው አየች።

"ደህና ነው እትዬ" አለ። "ይስማማል። ምንም አልሆነ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"በል" አለች እናቲቱ፣ "ቶሎ አታውርደው። ትንሽ ያዘው።"

"ይዤዋለሁ" አለ ጋሽ ሜትር።